«መልሺው» ያልኩሽ ቡና

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ተዝካርሽን አውጥተናል፣ ሙት ዓመትሽንም ሁለት ጊዜ አስበናል፤ እኔ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩልሽም። ስንፍና ነው ብዬ ብዋሽሽ እዚያም ሆነሽ ታውቂብኛለሽ። እፍረት ነው። አርባ አራት ዓመት አብሬሽ ስኖር ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ነገር አለ፤ ዛሬ በብዕር ይወጣልኝ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ።

በቡና ከረጢት ጀርባ ላይ መጻፌን አይተሽ ሰውዬው ጃጀ እንዳትይ። ከረጢቱ ራሱ የነገሩ አካል ነው፤ ስደርስበት ይገባሻል። ጽሕፈቴንም «ዶሮ የጫረችው» እያልሽ አትሳቂበት። ዶሮዋ አርጅታለች፣ እጇም ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የተከልሽው ፓፓያ ከአጥሩ አልፎ ሄዶ አሁን ፍሬውን የሚለቅመው ጎረቤት ነው። ከጀርባችን ያለው ሰውዬ ፎቅ አቆመና ከሰዓት በኋላ የምትመጣልን ነፋስ ቀረች፤ የአዳማ ሙቀት ሲመሽ የሚሄድበት ቢያጣ እኛ ጋ ያድራል። ከቀሩኝ ሁለት ጥርሶች አንዱ ባለፈው ፋሲካ በዶሮ አጥንት ሰበብ ተሰናበተኝ። ወንበርሽ ላይ ድመቷ ትተኛለች። ላስነሣት ስጠጋ ልክ እንዳንቺ አድርጋ ታየኛለች፤ እተዋታለሁ።

ትልቁ ለውጥ ግን ከበሩ በኩል ነው። ጎማና መፍቻ አከማችበት የነበረው፣ አንቺ «የዝገት ቤተ መንግሥት» የምትዪው የቆርቆሮ መጋዘኔ ባዶ ሆኗል። የልጃችን የሰብለ ልጅ፣ ምሕረታችን፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባችው፣ ወለሉን አስደለደለችው፣ ከዚያም የባቡር ጭንቅላት የመሰለ የቡና መቁያ ማሽን አስገባችበት። ቡና እየቆላች ትሸጣለች። ፍሬውንም ዱቄቱንም፣ ለሚቀመጥም ስኒውን። ጠዋት ማሽኑ ሲነሣ ባጃጆቹ ያለ ተሳፋሪ ይቆማሉ፤ ሽታው ነው ያቆማቸው።

እንግዲህ ነገሬ እዚህ ላይ ይጀምራል፣ ጥሩዬ።

የቡና ነገር በኛ ቤት እንዴት እንደነበር አንቺ አትረሺውም። ብረት ምጣዱን ከእሳት ታወርጂና እያወዛወዝሽ ወደ እኔ ታመጪዋለሽ። እኔ ደግሞ አፍንጫዬን አስጠግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሰበር ዳኛ መስዬ ትንሽ እቆይና «መልሺው» እላለሁ። አንድም ቀን ሳልልሽ አልቀረሁም። «መልሺው፤ ነፍሱ ገና አልወጣችም።» «መልሺው፤ ሆዳችን ገብቶ ሊበቅል ነው።» አንቺም «አንተ ሰውዬ፣ ቡና ነው ከሰል የምትፈልገው?» ትያለሽ። «ከሰሉ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ጥሬ አይደለም» እላለሁ። ሰው ካለ ይስቃል። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ያውቃሉ የሚባሉት ሁሉ እኔን አያክሉኝም። ምጣዱን ትመልሺዋለሽ፤ ፍሬው ይጠቁራል፣ ዘይት ያልበዋል፣ ቤቱ በጢስ ይሞላል፤ ያን ጊዜ «አሁን ቡና ሆነ» እላለሁ።

ይህን ፍርድ ከየት እንዳመጣሁት አሁን ነው የገባኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በተሳቢ መኪና ላይ ነው። ከአዳማ ተነሥቼ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ያን ሁሉ በረሃ ስበላ የምጠጣው የመንገድ ዳር ቡና ነበር። እዚያ ቡናውን እንደ ሬንጅ እስኪጠቁር ነው የሚቆሉት። ምሕረት ስታስረዳኝ፣ ያረጀ ቡና፣ የሻገተ ቡና፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ቡና ሲያር ሁሉም አንድ ይሆናል አለችኝ። ጥቁረቱ ነውሩን ይሸፍንለታል። እኔ መራራነቱን ጉልበት ነው ብዬ፣ የወንድ ቡና ነው ብዬ፣ ይዤው ቤቴ ገባሁ። የበረሃውን ሻይ ቤት ልማድ አምጥቼ፣ በእጅሽ እየለቀምሽ፣ አጥበሽ፣ ጥላ ላይ አድርቀሽ የምትቆዪውን ቡና ዳኘሁበት።

ሱቁ በተከፈተ በሳምንቱ ምሕረት በሰው ፊት ፈተነችኝ። ሦስት ስኒ ደረደረችልኝና፣

«አባባ፣ ሦስቱም ከአንድ ጆንያ የወጣ ቡና ነው። የለያየሁት እሳት ላይ የቆየበትን ጊዜ ብቻ ነው። ይቅመሱና የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ» አለች።

ስኒ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ጥቁር ነው፤ ዓይን አይረዳም። የመጀመሪያውን ቀመስኩ። ኮምጠጥ ያለ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ የመሰለ ነገር ነው። «ይሄ ቡና ሊሆን አስቦ መንገድ ላይ የቀረ ነው» አልኩ፤ የባጃጅ ነጂዎቹ ሳቁ። ሦስተኛውን ቀመስኩ። አፌ ውስጥ አመድ ጥሎ ሄደ፤ «ይሄንንስ ከምድጃ ነው የዛቅሽው» ብዬ ገፋሁት። ሁለተኛው ግን፣ ጥሩዬ፣ ሲገባ ለስለስ ያለ፣ ከዋጥኩት በኋላ ምላሴ ላይ ማር የመሰለ ነገር የሚተው። ደረቴን ነፍቼ «የኔ ይሄ ነው። ጥቁሩ፣ የወንዱ ቡና ይሄ ነው» አልኩ።

ምሕረት ሳቀች። «አባባ፣ ይሄማ መካከለኛው ነው። ጥቁሩን አሁን አመድ ነው ብለው ገፉት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በኔ ላይ ሲሳቅ ያን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም። እሷ ግን ለማሾፍ አልነበረም። ስኒውን አንሥታ አሸተተችና ዝግ ባለ ድምፅ «የእማማ ቡና እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ጓዳ ወስዳ የምታቀምሰኝ። ይሄንን ጣዕም ስፈልግ ነው ሁለት ዓመት የቆየሁት። ምጣዱን መቼ እንደምታወርደው እንዴት ዐወቀች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጓዳ ውስጥ ሌላ ቡና እንዳለ እኔ መች ዐውቄ። «አላውቅም፣ የኔ ልጅ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት አጭር ቃል ነበረች። ግን ባጃጆቹ ያዩኛል፣ ሳቁ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ምላሴ ቀደመኝና «ታዲያ ማን ያስተማራት መሰለሽ?» አልኩ።

ስወረውረው ቀልድ ነበር፤ ምስክሬ እግዚአብሔር ነው። ልጅቷ ስታምነኝ ግን ቀልዱን አልመለስኩትም። ተቀመጥኩበት።

ከወር በኋላ ከረጢቶቹ ታትመው መጡ። ፊታቸው ላይ «የአባባ ቁል»፣ አቆላሉ የአባባ ነው ለማለት፣ የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ የሹፌር ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ሥዕል። አፍንጫውን ሳየው እኔ ነኝ። የወጣትነት ፎቶዬም ተስፋፍቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እኔም በሩ ላይ ወንበር ዘርግቼ ሊቅ ሆንኩ። ከምሕረት የሰማሁትን ሁሉ እንደ ራሴ አድርጌ ለመጣው አስተምራለሁ። ማኪያቶ ለምትወድ ሴት «ላንቺ ጥቁሩ ነው የሚሆንሽ፤ ወተት ሲገባበት ለዘብ ያለው ቁል ይጠፋል፣ ጥቁሩ ግን ይችለዋል» እላታለሁ። በጀበና ለሚያፈላው «መካከለኛውን ውሰድ» እለዋለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው ጎረምሳ በወረቀት እያጠለለ እንደሚጠጣ ሲነግረኝ «ያንተ ገና ቀረፋ ሲመስል የወረደው ነው፤ የቡናውን አገር ማወቅ ከፈለግክ ከሱ ጠይቅ፤ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር የቡናው ድምፅ ይጠፋና የእሳቱ ድምፅ ብቻ ይቀራል» አልኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። እኔም ራሴን ስሰማው ደስ አለኝ። አንቺ ዝም ብለሽ ስታውቂው የኖርሽውን ነገር እኔ ጮክ ብዬ ሸጥኩት።

ከዚያ አደ ዘይነባ መጣች። ታስታውሻለሽ፣ ሻሸመኔ ልጇ ጋ ሄዳ የቆየችው ጎረቤታችን። ሱቁ በር ላይ ቆማ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ታደሰ» ብላ በኦሮምኛዋ ሰላም አለችኝ፤ ተሳሳምን፤ ስላንቺ ትንሽ አለቀስን። ምሕረት ስኒ አቀረበችላት። አንዴ ፉት አለችና ስኒውን አስቀመጠችው። «ይሄ የጥሩነሽ እጅ ነው» አለች። ከዚያ ከረጢቱን አየች። ፎቶውን አየች። እኔን አየች። ቡናዋን ጨርሳ ተነሣች።

እስከ ማዕዘኑ ልሸኛት አብሬያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው የነገረችኝ።

«ኦቦ ታደሰ፣ እርስዎ ቡና ቆልተው ያውቃሉ?»

እርምጃዬን ቀነስኩ።

«ጥሩነሽ እኮ ምጣዱን ወደ እርስዎ ከማምጣቷ በፊት አንድ እፍኝ ታነሣለች። ፍሬው መንጣጣት ጀምሮ ጋብ ሲል፣ ልክ እዚያ ላይ። በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ትደብቀዋለች። እርስዎ መንገድ ሲወጡ እኔና እሷ እሱን እንጠጣለን። ‹ለምን አትነግሪውም?› ስላት፣ ‹እሱ ቀልዱን ይውሰድ፣ ቡናው ለኔ ይበቃኛል› ትለኝ ነበር።»

ቀጥላ ደግሞ «እሷም አልፋለች፣ ጋሪዳ፣ ይሁን። እኔ ልወቅስዎት አልነበረም። ፎቶው ግን ከበደኝ» አለች። ባጃጅ ያዘችና ሄደች፤ እኔ ማዕዘኑ ላይ ፀሐይ ሲመታኝ ቆየሁ።

አርባ አራት ዓመት፣ ጥሩዬ። በገዛ ቤትሽ ቡናሽን ደብቀሽ ጠጣሽ።

ያን ቀን የሰብለ ሽምግልና ትዝ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተደርድረዋል። አንቺ ለልጅሽ ቀን ብለሽ ወንድምሽን ከጉጂ ያስመጣሽውን ቡና ቆልተሽ፣ አዲሱን ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ምጣዱን ይዘሽ ገባሽ። እያንዳንዳቸው እያሸተቱ «እሰይ» አሉ። እኔ ጋ ስትደርሺ «መልሺው፤ ልጃችንን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ጥሬ ጎርሰው ይሂዱ?» አልኩ። ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። አንቺም ፈገግ አልሽና መለስሽው። ያ ሁሉ የጉጂ ቡና ከሰል ሆኖ መጣ። ስትመለሺ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር፤ «ጢሱ ነው» አልሽ። እኔም ጢሱ ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ባለበት ምጣድ ይዘሽ ሳሎን ገብተሽ አታውቂም፤ ስኒው ብቻ ነበር የሚመጣው። እኔ ደግሞ በመጨረሻ አቆላሉን ተማረች ብዬ ነበር። ያሸነፍኩ መስሎኝ።

ከሁሉ የሚብሰኝን ልጻፈው። ሆስፒታል በተኛሽ ሰሞን «ቡና አማረኝ» አልሽኝ። ሮጥኩ፤ እውነቴን ነው፣ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። ከበሩ ማዶ ከምትቆላው ሴት በፔርሙስ አስቀድቼ ስመጣ «እንዲጠቁር አድርጊው፣ ለሚስቴ ነው» ብያታለሁ። አንዴ ፉት አልሽና አስቀመጥሽው። «ጥሩ ነው» አልሽኝ። እኔ በሽታው ነው የከለከላት ብዬ የቀረውን ጠጣሁት። የመጨረሻሽን ቡና እንኳ በኔ ምላስ መረጥኩልሽ። የምትወጂው የትኛውን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላም ሦስት ሳምንት ለምሕረት ሳልነግራት ቆየሁ። ወንበሬን ከበሩ አነሣሁ። «አባባ፣ አመመዎት?» ትላለች፤ «ሙቀቱ ነው» እላለሁ። አንቺ «ጢሱ ነው» እንዳልሽው ዓይነት።

አንድ ጠዋት አንድ የተሳቢ ሹፌር ገባ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ሞቅ ያለ፤ ራሴን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ያየሁት መሰለኝ። ምሕረት ከማሽኑ የወረደውን ቡና በማንኪያ አቀረበችለት። አሸተተና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «እናቴ፣ ይሄ ገና ሣር ሣር ይላል፤ መልሺው» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ምሕረትም ፈገግ አለች። ግን ትከሻዋ ወረደ፤ ማንኪያውን የያዘው እጇም ወረደ። ያ ትከሻ ያንቺ ነው። አርባ አራት ዓመት ፊቴ ሲወርድ ያላየሁት ትከሻ ነው።

ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «ልጄ፣ ይሄ አቆላል የሚስቴ ነው» አልኩት። «ከረጢቱ ላይ ያለው ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው። እኔ በዕድሜዬ አንድ ፍሬ ቆልቼ አላውቅም። የኔ ሥራ ‹መልሺው› ማለት ነበር። እሷ ይሄንን ከኔ ደብቃ ነበር የምትጠጣው።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀና «አባቴ፣ እኔ እኮ ለቀልድ ነው» አለ።

«እኔም ለቀልድ ነበር» አልኩት።

ምሕረት ወደ ግድግዳው ሄዳ ፎቶዬን አወረደች። አቧራውን በመሀረብ ጠርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። ልክ ናት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ካርቶን ከረጢትና አንድ ጥቁር ማርከር ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ታትሟል፤ አይጣልም። ያበላሸ ያቃናል።»

ስለዚህ ይኸውልሽ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ አለኝ። «የአባባ» የሚለውን እሰርዛለሁ፣ ከላዩ «የጥሩነሽ» ብዬ እጽፋለሁ። የሽማግሌውን ሥዕል ምን ላድርገው ብላት «እሱ ይቆይ፣ እያየ ይፈር» አለችኝ። ምላሷን ከማን እንደወረሰች እንዳትጠይቂኝ። ደንበኛው ይጠይቀኛል፤ ጥሩነሽ ማን እንደሆነች እነግረዋለሁ፤ የራሴንም ክፍል አልዘልም። ጥቁሩን ለሚወድ ጥቁሩ አለ፤ ለዘብ ያለውን ለሚወድም አለ። ሹፌሩ ራሱ ተመልሶ መጥቶ ጥቁሩን ነው የገዛው፤ ስኒውን ግን ያንቺን ጠጣ። ምን ትወዳለህ ብዬ ጠይቄው ነው። ይህን ያህል ቀላል ጥያቄ ነበር።

መቁላትም ጀምሬያለሁ። በማሽኑ አይደለም፣ ባንቺ ብረት ምጣድ። የመጀመሪያውን አሳረርኩት፣ ሁለተኛውን ግማሹን ጥሬ ግማሹን ከሰል አደረግኩት። አንቺ ወሬ እያወራሽ የምትሠሪው ነገር እኔን ላብ በላብ ያደርገኛል። አሁን ግን ጆሮዬ ትንሽ ገብቶታል። መጀመሪያ ገለባው ይበራል፤ ከዚያ እንደ ፈንድሻ መንጣጣት ይጀምራል፤ ጋብ ሲል፣ ሁለተኛው መንጣጣት ሳይመጣ፣ እዚያች መሐል ላይ ነው ማውረድ። ባለፈው ቅዳሜ አደ ዘይነባ እኛ ሳሎን ተቀምጣ ምጣዱን ይዤ ቀረብኩላት። አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆየች።

«ይመልሱት» አለችኝ።

ጥሩዬ፣ ዞሬ ወደ ምድጃው ሄድኩ። ከሳሎን እስከ ጓዳ ያለው መንገድ ምጣድ ይዘው፣ ሰው ከኋላ እያየ ሲሄዱበት ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ጊዜ ዐወቅኩ። እሳቱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ስትስቅ ሰማኋት፤ «ይምጡ፣ ይምጡ፤ ልክ ነው» አለች። ባንቺ ላይ ስቄ «ነይ፣ ልክ ነው» ብዬሽ አላውቅም።

የወተት ዱቄት ቆርቆሮሽን ከጓዳው የላይኛው መደርደሪያ፣ ከድስቶቹ ጀርባ አገኘኋት። እፍኝ የማትሞላ ቡና ቀርታለች። ምሕረት ጣዕሙ ሄዷል ትላለች፤ እኔም ልፈጫት አይደለም። ይህን ደብዳቤ አጥፌ እዚያችው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ የምትደብቂበትን ስላወቅኩ ደብዳቤ የምልክበትን አድራሻሽንም ዐወቅኩ ማለት ነው።

ቃል ልግባልሽ፤ ቃሌን የምታምኚው ከሆነ። በቀረችኝ ዕድሜ ምጣድ ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ ምጣዱን የያዘውን ሰው ፊት አያለሁ። ፍሬው መንጣጣት ጀምሮ ጋብ ባለ ቁጥር አስብሻለሁ፤ አንቺ እፍኝሽን ያነሣሽባት ቅጽበት ናትና። ደግሞም ሰው እስኪሰለቸኝ ድረስ ስምሽን እጠራለሁ።

ካርቶኖቹ አልቀዋል። ሳይሰረዝ የቀረው ይህ የምጽፍልሽ ከረጢት ብቻ ነው። ጀርባው ሞላ። አሁን ገልብጬ የፊቱን ስም አቃናለሁ።

ያንቺው ታደሰ